ከምረቃው ማግስት ያለው ወጪ

በአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ዋዜማ በተዘጋጀ የእጩዎች መድረክ ላይ ተገኝቼ፣ ሰባት ተወዳዳሪዎች ስለ ከተማ በጀት፣ ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ ዕለት ተዕለት አገልግሎቶች ያላቸውን አቋም ሲያስረዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በማስታወሻ ደብተሬ እየጻፍኩ አዳምጫለሁ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ የጻፍኩትን መልሼ ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። ከሰባቱ ስድስቱ የሚገነባ ነገር ጠቅሰዋል፤ አንዱ ተጨማሪ የመማሪያ ክፍሎች፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስተኛው ጤና ጣቢያ፣ የቀሩትም እንዲሁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን። ሆኖም የተገነባው ሁሉ ከተመረቀ በኋላ በየዓመቱ የሚጠይቀውን ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃና ጥገና ከየት በሚመጣ ገንዘብ እንደሚሸፍኑ ከስድስቱ አንዳቸውም አልተናገሩም።

ሰባተኛዋ እጩ ተራቸው ሲደርስ አዲስ ሕንፃ ቃል እንደማይገቡ በመናገር ጀመሩ። ያሉት ትምህርት ቤቶች ጣራቸው እንደሚያፈስ፣ ጣራዎቹን በመጀመሪያው የበጀት ዓመት ለማስጠገን እንደሚፈልጉ፣ ለዚያም ሲባል የአንድ መንገድ ሥራ በአንድ ዓመት መዘግየት እንዳለበት ገለጹ፤ የትኛው መንገድ እንደሆነም ስሙን ጠርተው ተናገሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በመካከላችን እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ጭብጨባውም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። እኔ ግን በዚያ ምሽት የበጀት አቋም ብዬ ልጠራው የምችለውን ንግግር የሰማሁት ከእርሳቸው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ እጩ ስለ በጀት አቋም አለው የሚባለው የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን ያንን ለመስጠት የሚያዘገየውን ወይም የሚተወውን ጭምር ሲናገር ነው።

ነገሩን በቅጡ ለመረዳት በጀት እንዴት እንደሚከፈል ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ክፍል ካፒታል በጀት ነው፤ ግንባታን፣ ትልልቅ እድሳትንና የረጅም ጊዜ ዕቃ ግዥን ይይዛል። ሁለተኛው መደበኛ በጀት ነው፤ ደመወዝን፣ የሥራ ማስኬጃን፣ የዕለት ጥገናን። ካፒታል ወጪ የመሠረት ድንጋይ አለው፣ ሪባን አለው፣ ፎቶግራፍ አለው፤ በምርጫ ዘመን መካከል ተጀምሮ ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት ሊያልቅ ስለሚችል ለፖለቲከኛ ምቹ ነው። በብድር ወይም በአንድ ጊዜ ድጎማም ሊሸፈን ይችላል። መደበኛ ወጪ ግን ምረቃ የለውም። የጥበቃው ደመወዝ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የጠመኔውና የወረቀቱ ሒሳብ በየወሩ ይመጣል፤ ሊሸፈን የሚገባውም በየዓመቱ ከሚገኝ አስተማማኝ ገቢ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ተገንብቶ ሃምሳ ዓመት ሲያገለግል፣ በእነዚያ ሃምሳ ዓመታት የሚጠይቀው ወጪ ድምር ለግንባታው ከወጣው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ እጩ «ትምህርት ቤት እገነባለሁ» ሲል ቃል የገባው ግንባታውን ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ምክር ቤቶች ሁሉ የሚከፍሉትን ዓመታዊ ሒሳብም አብሮ እየፈረመ ነው።

ይህ ለእኔ በወረቀት ላይ ያለ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ልጆቼ ይማሩበት በነበረ ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ነበር። ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ መውረጃ ቱቦው መሄድ ሲገባው በአሸንዳው ጠርዝ ላይ እየሞላ ወደ ግድግዳው ይመለስ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት በኮርኒሱ ማዕዘን ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቡናማ እድፍ ታየ። ስብሰባ በተጠራንበት ቀን ለአስተዳደሩ አሳየሁ፤ በጥያቄ ዝርዝር ውስጥ እንደተያዘ፣ የጥገና በጀቱ ግን በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ወጪ እንደተዛወረ ተነገረኝ። በሁለተኛው ዓመት እድፉ የመምህሩን ጠረጴዛ ያክል ሰፋ፤ ኮርኒሱም ወደ ታች ሆዱን ነፋ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሌሊት ተደርምሶ ዴስኮቹ ላይ ወደቀ። ሌሊት በመሆኑ ልጅ አልተጎዳም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይደነግጣል። ክፍሉ ተዘጋ፣ ተማሪዎቹ ከጎረቤት ክፍል ጋር ተደርበው አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተማሩ። አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ በግማሽ ቀን ሊጠርገው ይችል የነበረ ቅጠል በመጨረሻ የአንድ ክፍል ሙሉ እድሳት ሆኖ በካፒታል በጀት ላይ ሰፈረ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ታዲያ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ለምን ዘወትር ይዘነጋል? መልሱ በበጀቱ አሠራር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ገቢ ሲያንስ ምክር ቤት ሊነካቸው የማይችላቸው ወጪዎች አሉ። ደመወዝ በቅጥር ውል የታሰረ ነው፤ የብድር ክፍያ በሕግ ይጠየቃል፤ የመብራት ሒሳብ ካልተከፈለ መብራቱ ይቆረጣል። ጥገና ግን ዛሬ ቢቀር ዛሬ የሚጮህ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቀነስለታል፤ የቀረው ሥራም አይጠፋም፣ እየተደራረበ ያልተመዘገበ ዕዳ ይሆናል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ እንደሚባለው፣ ከተሞች ወደ ትልቅ ኪሳራ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ታላቅ ስህተት ሳይሆን በእንዲህ ባሉ ዓመታት ብዛት ነው። እጩን ስጠይቅ መጀመሪያ የማነሳው ጥያቄም ከዚህ የመነጨ ነው፦ የጥገና በጀት ካለፈው ዓመት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? እርስዎ ቢመረጡ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ወጪ እንዳይዛወር ምን ያደርጋሉ?

ስለ ትምህርት ቤት የሚነሳው ሁለተኛው ዋና ጉዳይ የተማሪዎች ቁጥር በክፍል ነው። በብዙ አገሮች ከትምህርት ቤት መደበኛ ወጪ ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ ብዙውን ጊዜም ሦስት አራተኛውና ከዚያ በላይ የሚሆነው ለመምህራንና ለሌሎች ሠራተኞች የሚከፈል ነው። በመሆኑም «በየክፍሉ ያለውን የተማሪ ቁጥር እቀንሳለሁ» የሚል እጩ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ቃሎች ሁሉ ውዱን ቃል እየገባ ነው። ቃሉ ራሱ ከንቱ አይደለም። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 በተጀመረ ሰፊ ሙከራ፣ ከ13 እስከ 17 ተማሪዎች ባሉባቸው ክፍሎች የተመደቡ ሕፃናት ከ22 እስከ 25 ተማሪዎች ባሉባቸው ክፍሎች ከተመደቡት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል፤ ጥቅሙም ከድሃ ቤተሰብ ለመጡት ልጆች ጎላ ብሎ ታይቷል። ከዚህ በመነሳት ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት አንድ ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥ የሚያበረታታ ድጎማ በአንድ ጊዜ በመላ ግዛቲቱ አወጣች። ገንዘቡ መጣ፤ ክፍሎቹም አነሱ። ነገር ግን የተጨመሩትን ክፍሎች የሚያስተምር በቂ የሠለጠነ መምህር አልነበረም። ልምድ ያላቸው መምህራን ወደተሻሉት ሰፈሮች ሲዛወሩ፣ ሙሉ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸው አዳዲስ ቅጥሮች በብዛት የገቡት ድሆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ክፍል ማሳነስ መጥፎ ሐሳብ ነው ለማለት አይደለም ይህን የማነሳው፤ እኔ ራሴ በአንድ ዴስክ አራት ልጆች የተቀመጡበትን ክፍል አይቻለሁ። ቃሉን የሚገባው ሰው ግን መምህሩ ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት ዓመት እንደሚሠለጥን፣ ሥራውም ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚጀመር መናገር አለበት። «ከሁሉም በአንድ ጊዜ» የሚለው መልስ በተግባር «ከጠንካሮቹ» ማለት ሆኖ ሲያልቅ ታይቷል።

ከዚህ ጋር የተያያዘና እጩዎች በብዛት የሚያልፉት ሌላ ጉዳይ የሥልጣን ወሰን ነው። አንድ ምክር ቤት በሕግ የማይወስነውን ነገር እጩው ቃል ሊገባ አይችልም፤ ሆኖም በየቦታው ይገባል። በፈረንሳይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ የኮሙዩኑ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ፣ ኃላፊነት ነው፤ የመካከለኛ ደረጃው ከኮሙዩን በላይ ያለው አስተዳደር የዴፓርትማው፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ የክልሉ ነው፤ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው ግን ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የከንቲባነት እጩ ስለ ክፍሎች ማሞቂያና ስለ መመገቢያ አዳራሹ ቢናገር የራሱን ጉዳይ ተናገረ ማለት ነው፤ ስለ መምህራን ቁጥር ቢናገር ግን የሌላውን። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ካውንቲ የተባሉ 47 የአካባቢ አስተዳደሮችን ሲያቋቁም የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ለካውንቲ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃን ለብሔራዊው መንግሥት ሰጠ። በፊንላንድ ደግሞ ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ለረጅም ዘመን በማዘጋጃ ቤቶች እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ለዚሁ ለተቋቋሙ 21 አካባቢዎች ተላለፈ፤ መሠረታዊ ትምህርት ግን በማዘጋጃ ቤቶቹ ዘንድ ቀረ። ድንበሩ ከአገር አገር ይለያያል፣ በአንድ አገርም ውስጥ ይቀየራል። መራጭ ሁሉ ይህን በቃሉ ሊያጠና አይገባውም፤ ሊያውቀው የሚገባው እጩው ነው። «ይህ በእኛ ሥልጣን ሥር አይደለም፤ ልናደርግ የምንችለው ግን ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚመልስ እጩ ባገኘሁ ቁጥር፣ በሌላ ጉዳይ ባልስማማው እንኳ አክብሮቴ ይጨምራል።

አሁን ወደ ገቢው እንሂድ፤ ሁሉም እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋልና። የከተማ ገቢ በመሠረቱ ከሦስት ምንጭ ይመጣል፤ ከነዋሪው ከሚሰበሰብ ግብር፣ ከአገልግሎት ክፍያና ከበላይ መንግሥት ከሚላክ ድጎማ። ግብርም ሆነ የአገልግሎት ክፍያ አልጨምርም፣ አገልግሎትም አሻሽላለሁ የሚል እጩ የቀረውን ሦስተኛውን፣ ማለትም ድጎማውን፣ እየተማመነ ነው። ድጎማው በጽሑፍ የተረጋገጠ ካልሆነ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። የተረጋገጠም ቢሆን ጥቅል ድጎማ መሆኑና ለተወሰነ ዓላማ ብቻ የተሰጠ መሆኑ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ለመንገድ የተላከ ገንዘብ ለመምህር ደመወዝ አይውልም።

የግብር ገደብ ጥያቄን በተመለከተ ሁለት ምሳሌዎች በጎን ለጎን ቢታዩ ደስ ይለኛል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ ያጸደቀው ድንጋጌ የንብረት ታክስን በተመዘገበው ዋጋ 1 በመቶ ላይ ገደበው፤ ባለቤቱ እስካልተቀየረ ድረስም የተመዘገበው ዋጋ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከለከለ። የድንጋጌው መነሻ ሊናቅ አይገባም፤ የቤት ዋጋ በፍጥነት ሲወጣ ግብሩን መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን እንዳያጡ የሚሰጉ አዛውንቶች ነበሩ። ውጤቱ ግን ትምህርት ቤቶች ከአካባቢያቸው ግብር ይልቅ በግዛቲቱ መንግሥት ላይ እንዲንጠለጠሉ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶችም በተገዙበት ዓመት ብቻ እጅግ የተለያየ ግብር እንዲከፍሉ አደረገ። በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት በማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1980 የጸደቀው ሕግም ገደብ ነው፤ የአንድ ከተማ ጠቅላላ የንብረት ግብር፣ ከአዳዲስ ግንባታዎች የሚገኘው ሳይቆጠር፣ በዓመት ከ2.5 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይከለክላል። ነገር ግን በር ተወለት፤ ከገደቡ ማለፍ የሚፈልግ ከተማ የሚጨምረውን የገንዘብ መጠንና ዓላማውን በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ነዋሪውን ይጠይቃል። ይህን አሠራር የምወደው ሁልጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ስለሚያስገኝ አይደለም፤ አንዳንዱ ከተማ እሺ ይላል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። የምወደው አገልግሎቱንና ዋጋውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አጣምሮ ስለሚያቀርብ ነው። እጩዎቻችን በመድረክ ላይ እንዲያ ቢናገሩ ምንኛ በተሻለ።

ከገቢ ምንጮች ሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን በአንድ ጊዜ የሚገኝ ብዙ ገንዘብ ነው። የከተማ መሬት ወይም ሕንፃ ተሽጦ፣ ወይም አንድ የገቢ ምንጭ ለረጅም ዘመን ተከራይቶ የሚመጣው ዓይነት። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የመንገድ ዳር የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪዎቿን ገቢ ለ75 ዓመት ለግል ባለሀብቶች አሳልፋ በምላሹ 1.15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተቀበለች። ምክር ቤቱ ውሉን መርምሮ ያጸደቀው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በማግስቱ ዓመት የከተማዋ ዋና መርማሪ ጽሕፈት ቤት ከተማዋ ከሚገባት ዋጋ በታች መቀበሏን አሳወቀ። ገንዘቡም አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመደበኛ በጀት ጉድለት መሸፈኛ ሆኖ አለቀ። ያን ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች አድገው መኪና ሲያቆሙ የሚከፍሉት ገንዘብ ወላጆቻቸው ለአንድ ሁለት በጀት ዓመት ያለፉበት መሻገሪያ ዋጋ ሆነ። አንድ እጩ «ያልተጠቀምንበት ሀብት አለን፤ እንሸጠዋለን» ሲል በሰማሁ ጊዜ ሁሉ የማስበው ይህንን ነው። ሽያጩ ለግንባታ ወይም ዕዳ ለመክፈል ከዋለ ሊያስማማ ይችላል፤ ለደመወዝ ከዋለ ግን በሚቀጥለው ዓመት ያው ደመወዝ ይጠየቃል፣ የሚሸጠው ነገር ግን የለም።

«ብክነትን አስወግጄ አገልግሎት አሻሽላለሁ» የሚለውም ከሁሉም አፍ የሚሰማ ነው። ብክነት የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ሊወገድም ይገባል። ነገር ግን ቁጠባ የሚባለው ነገር ሁሉ ቁጠባ አለመሆኑን ፍሊንት የተባለችው በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት ከተማ በመራራ መንገድ አሳይታለች። በገንዘብ ችግር ምክንያት በግዛቲቱ በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር በነበረችበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የመጠጥ ውሃዋን ከዲትሮይት መስመር ወደ ራሷ ወንዝ አዞረች። ውሃው ቧንቧ እንዳይበላ የሚያደርገው ማከሚያ አልተጨመረበትም፤ ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ እየተፋቀ ወደ ቤቶች ገባ። እናቶች ቡናማውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው ወደ ስብሰባዎች ይመጡ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ውሃው ደህና ነው ይባሉ ነበር። ወደ ቀድሞው መስመር የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ለቧንቧ መቀየሪያና ለካሳ የወጣው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የካሳ ስምምነት ብቻ 626 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እርሳስ በሕፃን አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ የትኛውም ካሳ አይመልሰውም። ስለዚህ «እቆጥባለሁ» የሚል እጩ ከየትኛው ሥራ ላይ እንደሚቆጥብና ቁጠባው ጉዳት ማምጣት አለማምጣቱን ማን እንደሚለካ እንዲናገር እጠይቃለሁ። ነዋሪው በጠርሙስ ይዞት የመጣውን ማስረጃ የሚያይ ዓይን በአስተዳደሩ ውስጥ ከሌለ፣ ቁጠባው ማንም ሳያውቅ ወደ ጥፋት ይለወጣል።

ስለ ደረቅ ቆሻሻ፣ ስለ መንገድ መብራትና ስለ ፍሳሽ ብዙ አልጽፍም፤ እጩዎች በእነዚህ ላይ እምብዛም አይለያዩም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ አገልግሎቱ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚጠገንለት የትኛው ሰፈር ነው? መልሱ በአቤቱታ ብዛት የሚወሰን ከሆነ፣ አቤት ለማለት ጊዜና ስልክ ያለው ሰፈር ሁልጊዜ ይቀድማል።

እስከ አሁን የጻፍኩት ሁሉ የሚሠራው ነዋሪው ሰነዱን ማየት ከቻለ ነው። በዩጋንዳ የተደረገው ነገር እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ማዕከላዊው መንግሥት በተማሪ ቁጥር ልክ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚልከው የሥራ ማስኬጃ ድጎማ ውስጥ በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው 13 በመቶው ብቻ እንደነበር በጥናት ተረጋገጠ። ቀሪው በመካከል ባሉ የአካባቢ ባለሥልጣናት እጅ ቀርቷል። መንግሥት ከዚያ በኋላ ለየወረዳው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የተቀበሉትን በግልጽ ቦታ እንዲለጥፉ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 ትምህርት ቤቶች የሚደርሳቸው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ባለሙያዎች ከጋዜጣው ሌላ አብረው የተደረጉ ማሻሻያዎችም እንደነበሩ ያስታውሳሉ፤ እኔም ወረቀት ብቻውን ተአምር ሠራ አልልም። ነገር ግን የመንደሩ ወላጅ የተላከውን መጠን ካላወቀ፣ የጎደለውን ሊጠይቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከዚህም አልፋ ሄደች። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው ከከተማው የኢንቨስትመንት በጀት የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት በድምፅ እንዲወስኑ አደረገች። በርካታ ድሆች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች መጀመሪያ የጠየቁት ውሃና ፍሳሽ ነበር፤ የውሃና የፍሳሽ መስመር ያላቸው ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1988 ከነበሩበት 75 በመቶ ገደማ በ1997 ወደ 98 በመቶ ደረሱ። ይህን አሠራር አስገባለሁ የሚል እጩ ባገኝ፣ ለነዋሪው ውሳኔ የሚተወው ከበጀቱ ምን ያህሉን እንደሆነ ቢነግረኝ እወዳለሁ። ለሦስት አግዳሚ ወንበሮች ቀለም መምረጫ የተጠራ ስብሰባ ተሳትፎ አይባልም።

ሰነዱ ክፍት ሆኖም የሚያነብ፣ ምርጫው ተጠርቶም የሚመርጥ ካልተገኘስ? ቤል የተባለች ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የራሷ ቻርተር፣ ማለትም የራሷ መተዳደሪያ ሕግ፣ ይኑራት ወይስ አይኑራት በሚል ለድምፅ አቀረበች። ከሠላሳ አምስት ሺህ በላይ ነዋሪ ካላት ከተማ ድምፅ የሰጡት ከ400 አይበልጡም ነበር። ውጤቱም የምክር ቤት አባላትን ክፍያ የሚገድበው የግዛቲቱ ሕግ እንዳይነካቸው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጋዜጠኞች ነገሩን ሲያጋልጡ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ በዓመት 800 ሺህ ዶላር ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚሠሩት የምክር ቤት አባላትም ወደ 100 ሺህ ዶላር እየተከፈላቸው ተገኙ። ነዋሪዎቹ በዓመቱ በነቂስ ወጥተው በድምፃቸው አወረዷቸው፤ ግን ነዋሪው አብዛኛው ሠርቶ አደር የሆነበት ከተማ ለዓመታት ከፍተኛ ግብር ሲከፍል ከርሟል። የአካባቢ ምርጫ ትንሽ ነው ብለው ቤታቸው ለሚቀሩ ወዳጆቼ ይህን ታሪክ ደጋግሜ የምነግራቸው፣ በትልቁ ምርጫ የእኔ ድምፅ ከሚሊዮኖች አንዱ ሲሆን፣ እዚህ ግን አንድ ሰፈር ብቻውን ውጤት ሊቀይር እንደሚችል ስለማምን ነው።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ እጄን አነሳሁ። ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ጠይቄ ያገኘሁትን የበጀት ሰነድ ቅጂ ይዤ ነበር፤ የትምህርት ቤቶች ጥገና የሚለው መስመር ካለፈው ዓመት መቀነሱን በእርሳስ አስምሬበት ነበር። ስለ ኮርኒሱም ነገርኳቸው፣ ከዚያ ሰባቱም እጩዎች ይህን መስመር ወዴት እንደሚወስዱት ጠየቅኩ። ሦስቱ ስለ ትምህርት ጥራት አስፈላጊነት ተናገሩ። ሁለቱ ያለፈውን ምክር ቤት ወቀሱ። አንደኛው ሰነዱን እንዳላየ በግልጽ ነገረኝ፤ ለቅንነቱ አመሰገንኩት። ሰባተኛዋ እጩ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አደረጉና «ገጹን ይንገሩኝ እስቲ» አሉኝ። ነገርኳቸው። የራሳቸውን ቅጂ ከቦርሳቸው አውጥተው ገለጡት፣ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው አገኙት፣ ከዚያም ከጎኑ በእስክሪብቶ አንድ ቁጥር ጻፉና ያንኑ ቁጥር ለአዳራሹ ጮክ ብለው አነበቡልን።